ተርቦ ሞተር ለተገጠመለት መኪና መልስ ያለው የነዳጅ መስመር አዘረጋግ

አሮጌ ባለካርቡራተር ኮሮላ ላይ ባለ2 ሊትር፣ ባለ4 ሲሊንደር ተርቦ ሞተር ሲገባ ሐሳብ ሁሉ የሚሄደው ወደ ሞተር መቀመጫው፣ ወደ ካምቢዮው፣ ወደ ፍሪሲዮኑና ወደ ሽቦው ነው። የነዳጁ ነገር «ጠንከር ያለ ፓምፕ ይገባለታል» ተብሎ በአንድ ቃል ይዘጋል። ሞተሩ ተነስቶ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራበት ዙር) ከተስተካከለ በኋላ ፒስተን የሚያቀልጠው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው በአንድ ቃል የተዘጋው ሥራ ነው። አዳማ ከተማ ውስጥ ሲነዳ ምንም ያልታየበት መኪና በፈጣኑ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ዳገቱን ተረግጦ ሲወጣ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በጭነት ይሠራል፤ የነዳጅ ጉድለት ራሱን የሚያሳየውም ያኔ ነው።

ስለዚህ ከፓምፑ በፊት መስመሩ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ይቀድማል።

ካርቡራተር የሚፈልገው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ብቻ ነው። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተር ግን በተለምዶ 3 ባር ይፈልጋል። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ኢንጀክተሩ በሚከፈትበት ቅጽበት የሚያልፈውን የነዳጅ መጠን የሚወስነው ሬሉ (ነዳጁን ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ያለው ግፊት ብቻ አይደለም፤ በሬሉና በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ክፍል) መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነው። ተርቦ በሌለው ሞተር ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ቫኪዩም ነዳጁን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ተርቦ ያለው ሞተር ላይ ግን ተርቦው 1 ባር ሲነፋ ያ አየር የኢንጀክተሩን አፍ ከውስጥ መልሶ ይገፋል፤ ሰው ከውስጥ ተደግፎት የቆመን በር ከውጭ እንደመግፋት ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ሬሉ ምንጊዜም 3 ባር ላይ ተቸንክሮ ቢቆይና ተርቦው 1 ባር ቢነፋ፣ ለኢንጀክተሩ የሚቀረው ልዩነት 2 ባር ነው። የሚያልፈው ነዳጅ የሚቀንሰው በግፊቱ ካሬ ሥር ልክ ስለሆነ የ2/3 ካሬ ሥር 0.82 ገደማ ይሆናል። 18 በመቶ ነዳጅ ጠፋ ማለት ነው። በተርቦ ግፊት ላይ የአየርና የነዳጁ ምጣኔ 11.8 እንዲሆን የተስተካከለ ሞተር በዚህ ምክንያት ብቻ ወደ 14.5 ይሄዳል። በሚኒሞ ምንም የማያመጣ ምጣኔ ነው፤ በ1 ባር ተርቦ ግን ሞተሩ ማንኳኳት (ነዳጁ ያለጊዜው መፈንዳት) ይጀምራል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ የፒስተኑ ጠርዝ ይበላል።

መልስ ያለው ሥርዓት ይህን የሚፈታው የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉላተር የማኒፎልዱን ግፊት እያየ እንዲሠራ በማድረግ ነው። ፓምፑ ሳያቋርጥ ይገፋል፤ ነዳጁ በሬሉ በኩል አልፎ ሬጉላተሩ ጋ ይደርሳል፤ ሬጉላተሩ የሚበቃውን ግፊት ይዞ የቀረውን ወደ ሳልባትዮ (ወደ ነዳጅ ታንኩ) ይመልሳል። ከማኒፎልዱ በመጣች ቀጭን ቱቦ አማካኝነት ተርቦው 1 ባር ሲነፋ የሬሉ ግፊት 4 ባር ይሆናል፤ ሚኒሞ ላይ ቫኪዩም ሲኖር ደግሞ ይወርዳል። ልዩነቱ ምንጊዜም 3 ባር ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ሬጉላተራቸውን ሳልባትዮ ውስጥ አስቀምጠው የመልስ መስመሩን አስቀርተዋል፤ እነሱ ላይ ልዩነቱን የሚያካክሰው ኮምፒውተሩ ነው። ለሞተር ቅየራ ግን መልስ ያለው ይሻላል፤ በሜካኒክ መንገድ የሚሠራ ነው፣ በጌጅ ይለካል፣ የትኛው ክፍል እንዳጠፋ ለይቶ ማወቅም ቀላል ነው።

ስንት ነዳጅ ያስፈልጋል?

ፓምፕ ከመገዛቱ በፊት ስሌቱ በወረቀት ላይ ይሠራ። ለተርቦ ቤንዚን ሞተር አንድ የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 6.3 ሲሲ ገደማ ነዳጅ ይፈልጋል ብሎ መያዝ ይቻላል። ዓላማችሁ 250 የፈረስ ጉልበት ከሆነ 250 በ6.3 ሲባዛ 1,575 ሲሲ በደቂቃ ይመጣል፤ በሰዓት 95 ሊትር ገደማ ነው። ለፓምፑ እርጅና፣ ለሙቀትና ለፊልትሮ መጥበብ 25 በመቶ ጨምሩበትና 120 ሊትር በሰዓት ያዙ። ይህ ግን በ4 ባር ላይ የሚለካ መጠን ነው። «255» ተብሎ የሚሸጥ ፓምፕ 255 ሊትር በሰዓት የሚሰጠው በ3 ባር አካባቢ እና ከ13 ቮልት በላይ ሲያገኝ ነው። ግፊቱ ሲጨምርም ቮልቴጁ ሲወርድም መጠኑ ይቀንሳል። በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን አይታመንም።

ኢንጀክተሩም እንዲሁ ይሰላል። 1,575 ለ4 ሲካፈል 394 ሲሲ ነው። ኢንጀክተር ከ85 በመቶ በላይ ክፍት ሆኖ እንዲሠራ ስለማይፈለግ 394 ለ0.85 ሲካፈል 463 ይሆናል፤ ስለዚህ ከ480 ሲሲ ጀምሮ ያለው ይመረጣል። በተቃራኒው ስንመጣ፣ የኒሳን ኤስአር20 ተርቦ ሞተር ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣው 370 ሲሲ ኢንጀክተር በዚሁ ስሌት 200 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይችላል። ያ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ጉልበትም እዚያው አካባቢ ስለሆነ ስሌቱ የሚታመን ነው። ፋብሪካው ከሰጠው በላይ ተርቦውን ማስነፋት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ እዚህ ጋ ይቁም።

ከሶማሌ ተራ አሮጌ ኢንጀክተር የሚገዛ ሰው አራቱም አንድ ዓይነት ቁጥር እንዳላቸው ያረጋግጥ፤ ከተቻለም በሞካሪ ማሽን ያስለካቸው። አንዱ ኢንጀክተር ብቻ 10 በመቶ ካነሰ የነዳጁን ምጣኔ ከጭሱ የሚለካው የማርሚታው ዳሳሽ የሚያሳየው የአራቱን አማካይ ነው። አማካዩ ጥሩ ሆኖ ሳለ አንዱ ሲሊንደር ብቻውን ይቃጠላል።

ከመልሱ ጀምሩ

ብዙ ሰው መላኪያውን አወፍሮ የመልሱን መስመር አሮጌው ላይ ይተወዋል። «የተረፈች ነዳጅ ናት የምትመለሰው፣ ቀጭኑ ይበቃታል» ይባላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት የሚያቃጥለው 1 ሊትር ገደማ ነው። ፓምፑ ደግሞ በሰዓት ከ200 ሊትር በላይ እየገፋ ነው። ስለዚህ ከሞላ ጎደል የፓምፑ ጉልበት በሙሉ በመልሱ መስመር ያልፋል። መልሱ ከጠበበ ነዳጁ መሄጃ ያጣና ግፊቱ ሬጉላተሩ ካሰበው በላይ ይሆናል። የሬጉላተሩን ብሎን እያላላችሁ ግፊቱ ከ3.6 ባር አልወርድም ካለ ሬጉላተሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ መልሱ ጠቦ ነው። ሌላ ሬጉላተር ተገዝቶ ያው ችግር ሲቀጥል በተደጋጋሚ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አሮጌ ባለካርቡራተር መኪኖች የመልስ ቱቦ ቢኖራቸውም ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዚህ ሥራ አይበቃም። በ255 ፓምፕ መላኪያው 9.5 ሚሊ ሜትር፣ መልሱ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። የድሮው 8 ሚሊ ሜትር መላኪያ ብረት ዝገት ከሌለው እሱን የመልስ መስመር አድርጎ አዲስ መላኪያ መዘርጋት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ወጪም ይቀንሳል። ከመገጠሙ በፊት ግን ውስጡን በቤንዚን እጠቡና በአየር ንፉት፤ የ30 ዓመት ዝቃጭ አለበት።

መልሱ ሳልባትዮ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታም ይታሰብበት። ከላይ ወደ ታች እየተረጨ ከወደቀ ነዳጁ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ፓምፑ ከሚስብበት አጠገብ ከሆነ ፓምፑ አየር ይስባል። የመልሱ ጫፍ ወደ ታች ወርዶ በነዳጁ ውስጥ ይጠመቅ፤ ፓምፑ ሳልባትዮ ውስጥ በባልዲው (በዙሪያው ነዳጅ በሚይዝለት ትንሽ ዕቃ) ከተቀመጠ ደግሞ መልሱ ባልዲው ውስጥ ይግባ። የሳልባትዮው መተንፈሻም ክፍት መሆኑ ይታይ። መተንፈሻው ከተደፈነ ሳልባትዮው ወደ ውስጥ እየተጨማደደ ፓምፑን ያስርበዋል፤ ክዳኑ ሲከፈት «ፉሽ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ምልክቱ ያ ነው።

የካርቡራተር ሳልባትዮ ሌላም ጉድለት አለው፤ ውስጡ ነዳጁን ከመንቦጫረቅ የሚገታ ክፍልፋይ የለውም። ካርቡራተሩ ራሱ ትንሽ ነዳጅ ስለሚያጠራቅም ለአፍታ አየር ቢመጣበት አይሰማውም። ኢንጀክተር ግን ወዲያው ይሰማዋል። ነዳጁ ከግማሽ በታች ሆኖ ኩርባ ላይ ሲረገጥ ፓምፑ ባዶ ይስባል፣ ግፊቱ ይወድቃል፤ ይህ በትክክል ተርቦው በሚነፋበት ሰዓት የሚደርስ ነገር ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው የኢንጀክተር መኪና ፓምፕ ከነባልዲው ሳልባትዮው ላይ መትከል ነው፤ ሥራው ይከብዳል፣ ውጤቱ ግን የተሻለ ነው። ሁለተኛው ከ1.5 እስከ 3 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ማጠራቀሚያ መጨመር ነው። አነስተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ከሳልባትዮ ወደ ማጠራቀሚያው ይሞላል፤ ዋናው ፓምፕ ከማጠራቀሚያው ሥር ይስባል፤ የሬሉ መልስ ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል፤ የማጠራቀሚያው ትርፍ ከላይ በኩል ወደ ሳልባትዮ ይመለሳል። ማጠራቀሚያውን ተሳፋሪ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አታድርጉት። ሳልባትዮ መበየድ ካስፈለገ ደግሞ ባዶ ነው ተብሎ አይበየድም፤ ከቤንዚኑ ይልቅ ትነቱ ነው የሚፈነዳው። ታጥቦ፣ በውሃ ተሞልቶ፣ ይህን ሥራ በሚያውቅ በያጅ ብቻ።

ከሳልባትዮ እስከ ሬል

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ሳልባትዮ፣ ሻካራ ፊልትሮ፣ ፓምፕ፣ ረቂቅ ፊልትሮ፣ የሬሉ መግቢያ፣ የሬሉ መውጫ፣ ሬጉላተር፣ መልስ። ሬጉላተሩ ከሬሉ በኋላ ይምጣ፤ እንዲህ ሲሆን ቀዝቃዛ ነዳጅ ሳያቋርጥ በኢንጀክተሮቹ ራስ ላይ ያልፋል፣ ትነትም እየተጠረገ ይወጣል።

ከፓምፑ በፊት ያለው ፊልትሮ 100 ማይክሮን አካባቢ ሻካራ ይሁን። ረቂቁን 10 ማይክሮን ፊልትሮ ከፓምፑ በፊት ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም፤ በጠባብ ፊልትሮ በኩል እንዲስብ ሲገደድ ነዳጁ በመሳቢያው በኩል ወደ ትነት ይለወጣል፣ ፓምፑ ይጮኻል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በተመሳሳይ ምክንያት ከሳልባትዮ ውጭ የሚታሰር ፓምፕ ከሳልባትዮው ወለል ዝቅ ብሎ፣ ከሳልባትዮውም ሳይርቅ፣ በጎማ ላይ ተይዞ ይታሰር። ሞተር ክፍሉ ውስጥ የታሰረ ፓምፕ በደንብ አይሠራም።

ከፓምፑ በኋላ የሚገባው ረቂቅ ፊልትሮ የብረት አካል ያለው የኢንጀክተር ፊልትሮ መሆን አለበት። ያቺ በብዙ ጋራዥ የምትገኘው፣ ውስጧ የሚታይ የፕላስቲክ የካርቡራተር ፊልትሮ 4 ባር ላይ ትሰነጠቃለች፤ የሚረጨው ቤንዚን ደግሞ ተርቦው ላይ ነው የሚያርፈው። ተርቦ በጭነት ሲሠራ እስከ መቅላት ይግላል።

ስለ ጎማ ቱቦ ቸልተኝነት አይሠራም። በጎኑ ላይ ጄ30 አር7 የሚል ጽሑፍ ያለበት ቱቦ የሚችለው 3.4 ባር ነው፤ ለካርቡራተርና ለትነት መስመር እንጂ ለዚህ አይሆንም። ለመላኪያው ጄ30 አር9 የሚለውን ውሰዱ፤ 6.9 ባር ይችላል፣ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንም አይበላውም። አገራችን ውስጥ ቤንዚን ከኢታኖል ጋር ተቀላቅሎ የተሸጠባቸው ዓመታት ስለነበሩ ይህ ባዶ ጥንቃቄ አይደለም። ሳልባትዮ ውስጥ ነዳጁ ውስጥ ለሚጠመቅ ቱቦ ግን አር9ም አይሆንም፤ እሱ የተሠራው ከውስጥ ብቻ ነዳጅ እንዲነካው ነው። ለዚያ ቦታ ጄ30 አር10 የሚባል አለ። ተራ ቱቦ ሳልባትዮ ውስጥ ሲገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከፓምፑም ይወልቃል፤ ፓምፑ እየጮኸ ሬሉ ላይ ግፊት አይኖርም።

ረጅሙን መንገድ በብረት ቱቦ ሂዱ፤ ጎማ የሚገባው ሞተሩ ከሻንሲው ተለይቶ በሚንቀጠቀጥበት ቦታ ብቻ ይሁን። የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ለመታጠፍ ስለሚመች ይፈተናል፤ ግን ንዝረት ያጠነክረውና ይሰነጥቀዋል። ጎማ የሚለብሰው የብረት ጫፍ ያበጠ ቀለበት ሊኖረው ይገባል፤ ልሙጥ ሆኖ ከቀረ በ4 ባር ግፊት ቱቦው ተንሸራቶ ይወጣል። ጎማውን የሚያስረው ቀለበት፣ ፋሼታውም፣ የተበሳሳውና በካቻቢቴ የሚጠብቀው ሳይሆን ልሙጡ፣ በትንሽ ብሎንና ዳዶ የሚጠብቀው ይሁን፤ የተበሳሳው ጎማውን ይቆርጣል። በሾጣጣ ፊት የሚገጥሙ የብረት መገናኛዎች ላይ ቴፍሎን አትጠቅልሉ። የሚያሽገው ጥርሱ ሳይሆን ፊቱ ነው፤ የተበጣጠሰው ቴፍሎን ተጉዞ የኢንጀክተር አፍ ይደፍናል።

መስመሩ ከማርሚታው በተቃራኒ ጎን ይሂድ፤ ከተርቦው አጠገብ ማለፍ ግድ ከሆነ ሙቀት መከላከያ ይልበስ። የሬጉላተሩን ቀጭን ቱቦ ከትሮትሉ (በእግር ሲረገጥ ከሚከፈተው የአየር መግቢያ መዝጊያ) በኋላ ካለው የማኒፎልድ ክፍል ላይ ለብቻው ውሰዱ፤ ከተርቦ ጌጅ ወይም ከማስተንፈሻ ቫልቭ ጋር አታጋሩት። ከትሮትሉ በፊት ከተወሰደ ሬጉላተሩ ቫኪዩም አያይም። ሁለቱንም ጫፍ እሰሩት። ቱቦዋ አንድ ጊዜ ከወለቀች 18 በመቶው ነዳጅ ይዛ ነው የምትሄደው።

ኤሌክትሪኩ

ፓምፑ በጭነት ከ8 እስከ 12 አምፔር ይስባል። የድሮው መኪና ሽቦ ለዚህ አልተሠራም። ከባትሪ ተነስቶ 20 አምፔር ፊውዝ፣ ከዚያ 30 አምፔር ሪሌ፣ ከዚያም 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ እስከ ፓምፑ ይዘርጋ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። 5 ሜትር ርዝመት ባለው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ 12 አምፔር ሲያልፍ 0.7 ቮልት ይጠፋል፤ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ግን ከ0.3 ቮልት በታች ነው። የመሬቱ ሽቦም እንደዚያው ወፍራም ሆኖ ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ ብረት ላይ ይታሰር። የሪሌው 30 ቁጥር ከፊውዙ፣ 87 ቁጥር ወደ ፓምፑ፣ 86 ከቁልፍ በሚመጣ 12 ቮልት፣ 85 ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል።

ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፍ ማብራት ሰው መግደል ነው። መኪና ተጋጭቶ ሞተሩ ሲቆም ፓምፑ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የተቆረጠ ቱቦ ካለ ቤንዚን በደቂቃ ከ3 ሊትር በላይ ይፈሳል። በኮምፒውተሩ በኩል ሲታሰር ቁልፍ ሲበራ ለ2 ሰከንድ ያህል ይሠራና ሞተሩ ካልዞረ ያጠፋዋል። ኮምፒውተራችሁ ይህን ካልቻለ በግጭት ጊዜ የሚቆርጥ ማብሪያ ይጨመር።

ማስተካከልና መለካት

ሬሉ ላይ ቋሚ ጌጅ ይኑር። የሬጉላተሩን ቀጭን ቱቦ ነቅላችሁ ጫፉን ድፈኑ፤ ፓምፑን አሠሩና ግፊቱን 3 ባር ላይ አድርጉ፤ መቆለፊያ ዳዶውን አጥብቁ። ጌጁ በፒ.ኤስ.አይ ከሆነ 43.5 ነው። ከዚያ ቱቦውን መልሱና ሞተሩን አስነሱ። ሚኒሞ ላይ ግፊቱ መውረድ አለበት። እዚህ ላይ የውጭ መመሪያ ያነበበ ሰው ይደናገጣል፤ መመሪያው በባሕር ጠለል ላይ የሚጠበቀውን ይጽፋል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.82 ባር አካባቢ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ የሚያሳየው ቫኪዩም መመሪያው ከሚለው በ0.19 ባር ያህል ያንሳል፤ የሬሉ ግፊትም ወደ 2.3 ሳይሆን ወደ 2.5 ባር ነው የሚወርደው። የሌለ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ፍለጋ ማኒፎልድ አትፍቱ።

ተርቦ ሳይነፋ ሬጉላተሩ በትክክል መከተሉን ማየት ይቻላል። ሞተሩን አጥፉ፤ ፓምፑ ብቻ ይሥራ። ጌጅ ያለው የእጅ ጎማ መንፊያ ወደ ሬጉላተሩ ቱቦ አገናኙና ቀስ ብላችሁ ንፉ። መንፊያው 0.5 ሲል ሬሉ 3.5፣ መንፊያው 1 ሲል ሬሉ 4 ማለት አለበት። 3.7 ላይ ከቆመ ወይም ፓምፑ አልቻለም፣ ወይም ቮልቴጁ ወርዷል፣ ወይም ፊልትሮው ጠቧል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለዚህ አይሆንም፤ ግፊቱ በዝቶ የሬጉላተሩን ዲያፍራም (በውስጡ ያለውን ስስ ሽፋን) ይቀድደዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ከሁሉም የሚበልጥ ነው፤ መዝለል የለበትም። የመልሱን ቱቦ ከሳልባትዮው በኩል ነቅላችሁ መጠኑ በሚታወቅ ጀሪካን ውስጥ አስገቡ። መንፊያውን 1 ባር ላይ ይዛችሁ፣ ሬሉ 4 ባር እያሳየ፣ ፓምፑን ለ30 ሰከንድ አሠሩ። ለ250 የፈረስ ጉልበት ቢያንስ 1 ሊትር መምጣት አለበት፤ ጤነኛ 255 ፓምፕ 1.6 ሊትር አካባቢ ይሰጣል። ሞተሩ ስላልተነሳ ፓምፑ የገፋው ሁሉ ነው በመልሱ የሚወጣው። ፈተናው እየተደረገ የፓምፑን ቮልቴጅ ራሱ ፓምፑ ላይ ለኩ። ባትሪ ብቻውን ሆኖ ዲናሞ ሳይሞላ ውጤቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ያም ሆኖ 1 ሊትር ካለፈ ጥሩ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ነው። ጎረቤት ቡና የምታፈላ ሴት ከሰል ካያያዘች ከሰሉ እስኪጠፋ ወይም ቦታ እስኪቀየር ጠብቁ፤ የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያም በእጅ ርቀት ይኑር።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። አዳማ ላይ ጌጁ 1 ባር ሲል ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 1.82 ባር ነው። መኪናው በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ ሲወርድ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል፤ በዚያው የ1 ባር ንባብ ጠቅላላ ግፊቱ 1.9 ይሆናል፣ አየሩም ነዳጁም በዚያው ልክ ይጨምራል። ጅቡቲ ቢደርስ ከአዳማው 10 በመቶ ይበልጣል። ፓምፑና ኢንጀክተሩ አዳማ ላይ ለጥቂት የሚበቁ ከሆነ ቆላ ሲወርዱ አይበቁም፤ ያ የ25 በመቶ ትርፍ የተያዘው ለዚህም ጭምር ነው።

ሙቀትና ከፍታ ተደምረው ቤንዚኑን ቶሎ ያተኑታል፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ባለ ቁጥር ቤንዚን በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። መልስ ያለው ሥርዓት ሬሉን ያቀዘቅዛል፤ የሞተሩን ሙቀት ግን ተሸክሞ ወደ ሳልባትዮ ይወስደዋል። 50 ሊትር በሳልባትዮ ውስጥ ካለ በሰዓት 200 ሊትር የሚያዞር ፓምፕ ሁሉንም አንድ ጊዜ ለማዞር 15 ደቂቃ ይፈጅበታል። 10 ሊትር ብቻ ከቀረ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ቤንዚን ወረፋ ሲበዛ ሳልባትዮውን እስከ ጠብታው አሟጦ መንዳት የተለመደ ነው፤ ይህ መኪና ላይ ግን ሩቡ ሲቀር መሙላት ወይም ቢያንስ አለመርገጥ ያስፈልጋል። በጀሪካን የመጣ ቤንዚን ከሆነ በጨርቅ ማጥለል አሸዋውን እንጂ ውሃውን አያስቀረውም፤ ጀሪካኑ ሌሊቱን ይቀመጥና ከሥሩ ያለው የመጨረሻ ሊትር አይጨመር።

ምልክቶቹ

ቁልፍ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ ወዲያው ዜሮ የሚገባ ከሆነ ሞተሩ ሲሞቅ ለመነሳት ሞተሪኖውን ያለፋል። ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው የፓምፑ ቫልቭ፣ ሬጉላተሩና የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር። ፓምፑን አሠርታችሁ ባጠፋችሁበት ቅጽበት የመላኪያውን ጎማ በቱቦ መቆንጠጫ ያዙ። ግፊቱ ከቆመ ጥፋቱ የፓምፑ ነው። ካልቆመ ድገሙትና አሁን መልሱን ቆንጥጡ፤ ከቆመ ሬጉላተሩ ነው። በሁለቱም ካልቆመ ኢንጀክተር እያፈሰሰ ነው። ፓምፑ እየሠራ ግን መልሱን አትቆንጥጡ፤ ግፊቱ በሰከንድ ውስጥ ከልክ ያልፋል።

ሞተሩ በሚኒሞ ጥቁር ጭስ ካወጣና ቤንዚን ከሸተተ የሬጉላተሩን ቀጭን ቱቦ ንቀሉና አሽትቱት፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ዲያፍራሙ ተቀዷል። ሚኒሞ ደህና ሆኖ ተርቦ ሲነፋ ብቻ የሚንተፋተፍ ከሆነ ጌጁን ከውጭ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር በሚታይ ቦታ አድርጋችሁ ንዱ፤ የነዳጅ ጌጅን ግን በቱቦ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ማስገባት አይፈቀድም፣ ለውስጥ ከሆነ በኤሌክትሪክ ዳሳሽ የሚሠራውን ተጠቀሙ። የተርቦው ግፊት ሲወጣ የሬሉም እኩል መውጣት አለበት። እኩል ወጥቶ መጨረሻ ላይ መውደቅ ከጀመረ ፓምፑ ወይም ሽቦው ነው። ከመጀመሪያውም ካልወጣ ቀጭኗ ቱቦ ናት። እየዘለለ ከወጣና ከወረደ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው፤ ወደ ሳልባትዮው ተመለሱ። በየትኛውም ሁኔታ ግፊቱ ከወደቀ እግር ወዲያው ይነሳ፤ አንድ ጊዜ ጠንክሮ ያንኳኳ ሞተር ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ የአዲሱ ሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ መስፈሩን አትርሱ፤ በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ የሚፈለግ ነው። ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ረቂቁን ፊልትሮ አውጡና በመጋዝ ቆርጣችሁ ውስጡን እዩት። ቀይ ዱቄት ከሆነ ሳልባትዮው ዝጓል፤ ጥቁር የጎማ ብናኝ ከሆነ ከቱቦዎቹ አንዱ እየተበላ ነው፤ የብረት ብልጭታ ከሆነ ፓምፑ ራሱን እየፈጨ ነው። ንጹሕ ከሆነ አዲስ ፊልትሮ አስገቡበትና በዚያው ዕለት ፋሼታዎቹን ሁሉ በቀዝቃዛ ሞተር አንድ በአንድ አጥብቁ።